የኬኩ ሌባ ማን ነው?

በረመዳን ከአስር ሶላት እስከ መግሪብ ያለችው ጊዜ ለልጆች ትረዝማለች። የሳምቡሳው ሽታ ከማዕድ ቤት ይመጣል፤ ግማሽ ቀን የጾመውም፣ ሙሉውን ካልጾምኩ ያለውም በሩ ላይ ያንዣብባል። ታዲያ ከሰሃኑ አንድ ሳምቡሳ ቢጎድል ማን ይጠረጠራል? በየቤቱ ተጠርጣሪው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ያ መብላት የሚወደው ልጅ ነው።

ለዛሬ የመረጥነው በሥዕል የታጀበ የልጆች መጽሐፍም ነገሩ ይኸው ነው። «ታላቁ የኬክ ምስጢር» ይባላል። ደራሲው አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ቡላዋዮ ከተማ የተወለዱ፣ በቦትስዋና ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 በጀመሩት ተከታታይ ልብ ወለድ በዓለም ያስተዋወቋትን ቦትስዋናዊት መርማሪ፣ ፕሪሸስ ራሞትስዌን፣ በዚህኛው ገና ትንሽ ተማሪ ሳለች ያሳዩናል።

በትምህርት ቤቷ ኬክ ይጠፋል። ቀጥሎም ሌላ የሚበላ ነገር። ልጆቹ ማስረጃ አልፈለጉም፤ ፖሎኮ የሚባል ወፈር ያለ ልጅ አለ፣ ኪሱም ሁልጊዜ በሚበላ ነገር እንዳበጠ ነው። በቃ፣ ሌባው እሱ ሆነ! ፕሪሸስ ግን ወፍራም መሆንና መስረቅ ምን አገናኛቸው ብላ አልቀበል አለች። ኬክ ጋገረች፤ ሊጡ ውስጥም ሙጫ ጨመረችበት። (ይህን ቤት ውስጥ የሚሞክር ልጅ እንዳይኖር አደራ።) ኬኩን አስቀምጣ ስትጠብቅ ጩኸት ተሰማ። እጃቸው ኬኩ ላይ ተጣብቆ የተገኙት ጦጣዎች ነበሩ።

የእንግሊዝ አገሩ እትም ርዕሱ ላይ ጦጣዎቹን ስለሚጠራ ንቁ ልጅ ገና ሽፋኑን ሲያይ ሌባውን ይደርስበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የአሜሪካው እትም ርዕስ ይሻላል።

እኛን ግን ከወጥመዱ ይልቅ የያዘን ፖሎኮ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እየተባልን አድገናል፤ ለገበያና ለመንገድ ይጠቅም ይሆናል። በሰው መልክና ሰውነት ላይ ሲጫን ግን የሚመነጠረው ተጠርጣሪው ነው። ጦጣዎቹ ባይያዙ ኖሮ ፖሎኮ ትምህርቱን እስኪጨርስ «ሌባው» እየተባለ ይኖር ነበር። የከሰሱት ልጆች ይቅርታ መጠየቃቸው ደግ ነው፤ ያን ያህል ቀን ብቻውን የከረመበትን ግን ማን ይመልስለታል?

ጾም ሆድን ብቻ ሳይሆን ምላስንም እንደሚመለከት በዚህ ወር በየመስጊዱ ይነገራል። በሱረቱ አል-ሑጁራት 12ኛው አንቀጽም ከመጠን ያለፈ ጥርጣሬን፣ መሰለልንና ሐሜትን በአንድ ላይ ይከለክላል፤ ሐሜትንም የሞተ ወንድምን ሥጋ ከመብላት ጋር ያነጻጽረዋል። ይህን ለስምንት ዓመት ልጅ ማስረዳት ይከብዳል። የፖሎኮን ያበጠ ኪስ ግን ወዲያው ይረዳዋል።

መጽሐፉን ያላገኘ ወላጅ ታሪኩን እንደ ተረት በቃሉ ሊነግር ይችላል። እኛ የምንመክረው ኪሱ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው «ማን ይመስላችኋል?» ብለው እንዲጠይቁ ነው። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ፖሎኮ!» ካሉ አይቸኩሉ፤ አዛን እስኪሰማ ገና ጊዜ አለ።