ከጨለማ ቀረጻ ላይ ኖይዝ እንዴት ይጸዳል?

በዲጂታል የሲኒማ ካሜራ የተቀረጸ የምሽት ትዕይንት በትልቅ ስክሪን ሲታይ፣ ጸጥ ያለ ጥቁር መሆን የነበረበት ጥግ በደቃቅ ነጠብጣብ ሲርመሰመስ ይታያል። ባለሙያዎቹ ኖይዝ የሚሉት ይህንን ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በካሜራው ይላከካል እንጂ ዋናው መነሻ የብርሃን የራሱ ባሕርይ ነው። ብርሃን ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ተከፋፍሎ ይመጣል፤ ቅንጣቶቹም እንደ ዝናብ ጠብታ በካሜራው ብርሃን ተቀባይ ሴንሰር ላይ በነሲብ ያርፋሉ። አንድ ፒክስል በአማካይ 10,000 ፎቶን በሚቀበልበት ደማቅ ቦታ ቁጥሩ ከፍሬም ፍሬም በ100 ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ 1 በመቶ ስለሆነ ዓይን አይለየውም። 100 ፎቶን ብቻ በሚደርስበት ጥላ ውስጥ ግን መዋዠቁ 10 ይሆናል፤ 10 በመቶ መሆኑ ነው። ጨለማው የሚርመሰመሰው ለዚህ ነው።

ካሜራውም የራሱን ይጨምርበታል። የሴንሰሩ ሙቀትና ምልክቱን የሚያነበው ኤሌክትሮኒክስ የየራሳቸውን ዱካ ይተዋሉ። ሬድ በተባሉት የሲኒማ ካሜራዎች ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ሌንሱ ተከድኖ ሴንሰሩ በጨለማ የሚያሳየው ቋሚ ዱካ ይመዘገብና ኋላ ከምስሉ ላይ ይቀነሳል።

አይ ኤስ ኦ የተባለው የካሜራው የብርሃን ትብነት መለኪያ ከፍ ሲል ካሜራው ብዙ ብርሃን የሚሰበስብ ይመስላል። የሚጨምረው ግን ብርሃን ሳይሆን ማጉላት ነው፤ ምልክቱም ኖይዙም አብረው ይጎላሉ። ሁለት መሠረታዊ አይ ኤስ ኦ ያላቸው ካሜራዎች በከፍተኛው ደረጃ ምልክቱን የሚያነቡት በሌላ መስመር በመሆኑ ከኤሌክትሮኒክሱ የሚመጣው ኖይዝ ይቀንሳል። የፓናሶኒክ ቫሪካም 35 በ800 እና በ5000፣ የሶኒ ቬኒስ ደግሞ በ500 እና በ2500 ይሠራሉ። ያም ሆኖ ያልደረሰ ፎቶንን የሚፈጥር ካሜራ የለም። ስለዚህ ልምድ ያለው የካሜራ ባለሙያ የምሽቱን ትዕይንት ከሚፈለገው በላይ ያበራና በቀለም እርማት ጊዜ ያጨልመዋል። ከሶፍትዌር ሁሉ የሚበልጠው ማጽጃ ይህ ነው፤ የሚያሳዝነው፣ ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘለለውም እሱው መሆኑ ነው።

የቀረውን ሶፍትዌር ይረከበዋል። የመጀመሪያው ዘዴ ተከታታይ ፍሬሞችን ማነጻጸር ነው። ያልተንቀሳቀሰ ግድግዳ በአራት ፍሬም ላይ ያው ግድግዳ ነው፤ ኖይዙ ግን በየፍሬሙ ይለያያል። የአራቱ አማካይ ሲወሰድ ኖይዙ በግማሽ ይወርዳል፣ ግድግዳውም አንዳች አይጎድልበትም። ችግሩ የሚመጣው ተዋናዩ እጁን ሲያወዛውዝ ነው፤ አማካዩ በደንብ ካልተጠነቀቀ እጁ ከኋላው ደብዛዛ ዱካ ይጎትታል። በዚህም ምክንያት እንደ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ ያሉ ፕሮግራሞች እንቅስቃሴውን አስቀድመው ይገምታሉ፤ የተንቀሳቀሰውን ክፍልም ከአማካዩ ያስወጣሉ።

እዚያ ላይ የሚገባው ሁለተኛው ዘዴ ነው፤ በአንድ ፍሬም ውስጥ ጎረቤት ፒክስሎችን እያመሳከረ ያለሰልሳል። ይህኛው ዋጋ ያስከፍላል። ነጠብጣብ የትኛው፣ የቆዳ ቀዳዳ ወይም የሹራብ ክር የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት መለየት ስለማይችል፣ ሲበዛ ፊትን ዝርዝሩ የጠፋ ልስን ያደርገዋል። ዓይን ከብርሃን ልዩነት ይልቅ የቀለም ዝርዝር ሲጠፋ ብዙም ስለማያስተውል፣ የቀለሙን ኖይዝ ጠንከር አድርጎ የብርሃኑን ግን በስሱ መንካት ይመረጣል። በቢጫ አምፖል ብርሃን በተቀረጸ ምስል ደግሞ ሰማያዊው ቀለም ለብቻው ቢታይ ከሁሉም የባሰ ሆኖ ይገኛል፤ አምፖሉ የሚሰጠው ሰማያዊ ብርሃን ጥቂት ነውና።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ምስሉ ጠርዙ ጥርት እንዲል ከተሳለ (ሻርፕ ከተደረገ) በኋላ ቢጸዳ ኖይዙም አብሮ ተስሎ ይጠብቃል። አብዝቶ የታመቀ ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ነጠብጣቡ ወደ ትልልቅ ዥጉርጉር ቦታዎች ስለተለወጠ ማጽጃው ለይቶ አያውቀውም።

ሙሉ በሙሉ የጸዳ ምስልም ሌላ ጣጣ አለው፤ ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ሰማይ በደረጃ የተከፋፈለ መስመር ያወጣል። ጥቂት ኖይዝ ያንን መስመር ይበታትነዋል። ብዙ ባለሙያዎች ካጸዱ በኋላ ግሬይን የሚባለውን ቀጭን የፊልም ቅንጣት መልሰው የሚጨምሩት ለዚህም፣ ለውበትም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው «ዱን» የተሰኘ ፊልም በዲጂታል ካሜራ ከተቀረጸ በኋላ ይህንኑ የፊልም መልክ እንዲያገኝ ወደ ፊልም ተገልብጦ እንደገና በስካነር ወደ ዲጂታል ተመልሷል። በኢንተርኔት ለሚላክ ምስል ግን ቅንጣት ሸክም ነው፤ በየፍሬሙ ስለሚቀያየር አይታመቅም። ኤቪ1 የተባለው የቪዲዮ ማመቂያ ቅንጣቱን አስወግዶ ምስሉን መላክ፣ የቅንጣቱን ባሕርይ ብቻ በጥቂት ቁጥሮች አያይዞ ማሳለፍ ይችላል፤ የተመልካቹ ቴሌቪዥን ወይም ስልክ ከቁጥሮቹ ተነስቶ ተመሳሳይ ቅንጣት እዚያው ይፈጥራል።