ወንበሩ የሚግለው ከድል ማግስት ነው

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ነበር። ዋልያዎቹ በመጀመሪያው ጨዋታ ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ቢረቱም ከሜዳቸው ውጭ ያገቧቸው 3 ግቦች ሚዛኑን ደፉላቸው። ከ1974 ዓ.ም. ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫ ትኬት ቆረጡ። ሰው አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ፣ መኪናው ሁሉ ጥሩንባውን እያስጮኸ ዞረ። የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ስም ኳስ የማይወደው ሰው አፍ ውስጥ ሳይቀር ገባ።

ከዚያ ቀን እስከ ስንብታቸው አንድ ዓመት ተኩል አልሞላም።

በመካከሉ የሆነው ነገር ለአንድ አሠልጣኝ የዕድሜ ልክ ታሪክ ይበቃ ነበር። ጥር 2005 ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ላይ ቡድኑ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠመ። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ቡድኑም ግብ ተቆጠረበት። ያም ሆኖ በ10 ሰው እየተጫወተ በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጣ። እዚያው አገር ለሥራ የሄደው ኢትዮጵያዊ ስታዲየሙን በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አልብሶት ነበር። ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፉና ከምድባቸው ተሰናበቱ። ያኔ የተቆጣ ሰው ጥቂት ነው። 31 ዓመት የጠበቀ ሕዝብ መድረሱ ራሱ በቅቶት ነበር።

ችግሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ ቡድኑ ይበልጥ ባማረበት ጊዜ ነው። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዋልያዎቹ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸነፉ። አንደኛውን ግብ ጌታነህ ከበደ፣ ሁለተኛውን ደቡብ አፍሪካዊው በርናርድ ፓርከር በገዛ መረቡ ላይ አስቆጠሩት። ደስታው ገና ሳይበርድ ፊፋ፣ ኢትዮጵያ ከቦትስዋና ጋር ስትጫወት በ2 ቢጫ ካርድ መቅረት የነበረበትን ምንያህል ተሾመን አሰልፋለች አለ። ነጥቡ ተቀነሰ። ቢጫ ካርድ ቆጥሮ መያዝ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም፤ ፌዴሬሽን የሚባለው ሕንፃ ለዚያም ነው የቆመው። ቡድኑ ግን ማዕከላዊ አፍሪካን ኮንጎ ብራዛቪል ላይ አሸንፎ ምድቡን መራ። ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ የቀረው የናይጄሪያ የደርሶ መልስ ጨዋታ ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ።

ከዚያ ወዲህ በአፍሪካ ዋንጫ መገኘት እንደ ድል መቆጠሩ ቀረ። ከብራዚል በር የተመለሰ ቡድን ጥር 2006 በአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች ብቻ በሚደረገው የቻን ውድድር በሊቢያ፣ በኮንጎና በጋና ተሸንፎ አንድም ግብ ሳያስቆጥር ሲመለስ ትዕግሥቱ አለቀ። ፌዴሬሽኑ አሠልጣኙን አሰናበተ። ከ3 ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ማንም የማይቆጥረው ሽንፈት ነበር። ሰውነት ቢሻው የተሰናበቱት ራሳቸው ከፍ አድርገው በሰቀሉት መለኪያ ተለክተው ነው።

በሲሬም ሆነ በአሰላ ቅዳሜና እሑድ ዲኤስቲቪ ቤት የሚሰበሰብ ወጣት ይህን ታሪክ በሌላ ስም ያውቀዋል። ማንቸስተር ዩናይትድ ከአሌክስ ፈርጉሰን 26 ዓመት በኋላ ለዴቪድ ሞይስ የ6 ዓመት ውል ሰጥቶ 10 ወር ሳይሞላው ሸኘው። ነገሩ ከእግር ኳስ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ግን እዚህ ብዙ ሰው በማይከታተለው ስፖርት፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቅርጫት ኳስ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ቡድን ሲባል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚደረግ ጨዋታ ይመስላል። በኬንታኪ ግዛት ሌክሲንግተን ከተማ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የሚጫወትበት አዳራሽ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ ይሞላልም። አሰላ ላይ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲጫወቱ የከተማው ሕዝብ ሁሉ ወረፋ ይዞ ቢገባ እንደማለት ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ከፍተኛውን ደመወዝ የሚያገኘው ገዥው ሳይሆን የአንድ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ነው። ፍርዱ የሚሰጠው ደግሞ በመጋቢት ወር፣ 68 ቡድኖች በሚገቡበት ውድድር ነው። አንድ ጊዜ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የመልስ ጨዋታ የለም።

በዚህ ዓለም ከጆን ውድን የሚበልጥ ስም ማግኘት ይከብዳል። ሎስ አንጀለስ በሚገኘው በዩሲኤልኤ ከ1964 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ባሉት 12 ዓመታት 10 ዋንጫ አነሣ። በ1975 ጡረታ ሲወጣ የተተካው ጂን ባርቶ በመጀመሪያው ዓመት ቡድኑን እስከ መጨረሻዎቹ አራት አደረሰ። በ2 ዓመት ውስጥ 52 ጊዜ አሸንፎ የተሸነፈው 9 ጊዜ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ሐውልት የሚያሠራ ውጤት ነው። ሎስ አንጀለስ ላይ ግን ከውድን ጋር ሲመዘን ቀለለና በ1977 ለቅቆ ሄደ። ብዙ ደጋፊ የማያስታውሰው ደግሞ የውድንን የራሱን መጀመሪያ ነው። ዩሲኤልኤ የቀጠረው በ1948 ነበር፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያመጣው በ16ኛው የውድድር ዘመኑ ነው። ዛሬ 16 ዓመት ቀርቶ 4 ዓመት የሚታገሠው የለም።

የዱክ ዩኒቨርሲቲው ማይክ ሺሼቭስኪም በ1980 እ.ኤ.አ. ተቀጥሮ በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ከድሉ ሽንፈቱ በዝቶ ነበር። በ3ኛው ዓመት 11 አሸንፎ 17 ሲሸነፍ ደጋፊው ይባረር አለ። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ቶም በተርስ አላባርርም ብሎ ውሉን አራዘመለት። ሺሼቭስኪ በ2022 ጡረታ ሲወጣ 5 ዋንጫ አስቀምጦ ነው። በኬንታኪ ደግሞ ጆን ካሊፓሪ በ2012 እ.ኤ.አ. ዋንጫ አነሣ። ከ10 ዓመት በኋላ ግን ደጋፊው የሚያወራው በ2022 በሴንት ፒተርስ፣ በ2024 ደግሞ በኦክላንድ ስለ መሸነፉ ብቻ ሆነ፤ ሁለቱም ስማቸው ያልታወቀ ትናንሽ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ቢያባርረው ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ መክፈል ነበረበት። ካሊፓሪ በሳምንታት ውስጥ ወደ አርካንሳስ ራሱ ሄደና ኬንታኪን ከወጪው ገላገለው። ተተኪው ማርክ ፖፕ ሲተዋወቅ ያ ትልቅ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ፤ ጨዋታ አልነበረም፤ ሰዉ የመጣው ንግግር ለመስማት ነው።

የገንዘቡ ጉዳይ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። ካሊፓሪን 15 ዓመት ካቆዩት ነገሮች አንዱ የማባረሪያው ዋጋ ነው። ለማሰናበት ርካሽ የሆነ አሠልጣኝ ግን በአንድ መጥፎ ወር ይሰናበታል።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ወንበር ከሰውነት ቢሻው በኋላ የሆነው ይህን ነው። በ2006 ዓ.ም. ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ተቀጠሩ፤ አንድ ዓመት ያህል ቆይተው ሄዱ። ዮሐንስ ሳህሌ ተተኩ፤ መጋቢት 2008 ብሊዳ ላይ አልጄሪያ 7 ለ 1 አሸነፈቻቸው። በቀናት ልዩነት አዲስ አበባ ላይ ከዚያው ቡድን ጋር 3 ለ 3 ቢወጡም የቀድሞውን ማንም አልረሳላቸውም። ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ ተከተሉ። በ6 ዓመት ተኩል አምስት አሠልጣኝ! እያንዳንዱ የራሱን ተጫዋቾች ይዞ፣ የራሱን አጨዋወት ሊያስለምድ ሀ ብሎ ጀመረ። ደጋፊውም እያንዳንዱን በ2005 ቡድን ለካ።

መስከረም 2013 የተሾሙት ውበቱ አባተ ናቸው መልሰው የአፍሪካ ዋንጫ ያሳዩት። ያለፉበት መንገድ ልብ ወለድ ይመስላል። መጋቢት 2013 ባሕር ዳር ላይ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ካሸነፉ በኋላ አቢጃን ላይ በኮትዲቯር 3 ለ 1 እየተመሩ ሳለ ዳኛው ሜዳ ላይ ወድቀው ጨዋታው ተቋረጠ። ማዳጋስካርና ኒጀር በሌላ ሜዳ አቻ መውጣታቸው ሲሰማ ዋልያዎቹ ተሸንፈውም ማለፋቸው ታወቀ። ካሜሩን ላይ ከምድባቸው አላለፉም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግን ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፉ፤ ግቦቹ የዳዋ ሆቴሳና የሽመልስ በቀለ ነበሩ። ያ የአገር ቤት ጨዋታ የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በወቅቱ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመዘኛ የሚያሟላ ስታዲየም አልነበረምና። በሰው አገር ሜዳ የግብጽን ቡድን ያሸነፈ አሠልጣኝ ከ10 ወር በኋላ፣ በጊኒ ሁለት ጊዜ ከተሸነፈ ወዲያ፣ ወንበሩን ለቀቀ። ደጋፊው ከሊሎንግዌ በኋላ የጠበቀው ሌላ ግብጽን ነበር፤ ስታዲየም ግን አልጠየቀም። አሠልጣኝን መጠየቅ ይቀላል።

አርሲ ደጋ ላይ ግን ሌላ ዓይነት አሠልጣኝ አለ። ስንታየሁ እሸቱ በበቆጂ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆነው ልጆችን ማስሮጥ ከጀመሩ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በእጃቸው ካለፉት መካከል ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይገኛሉ። እነዚህ አራቱ ብቻ በኦሎምፒክ 9 ወርቅ አምጥተዋል፤ ከውድን 10 ዋንጫ የሚያንሰው በ1 ነው። ስንታየሁን ግን ይባረሩ ያለ ሰልፍ ወጥቶ አያውቅም።

የአርሲ ሰው ከአዲስ አበባው ይበልጥ ስለሚታገሥ አይደለም። ልጅ ማልዳ በብርዱ ስትሮጥ የሚያይ ወላጅ ተስፋው ከማንም ደጋፊ ይበልጣል፤ የቤቱ ዕጣ ፈንታ ነውና። ልዩነቱ ሒሳቡ የሚወራረድበት ቦታ ነው። በቆጂ ላይ ልጁ ሲበስል ወደ ክለብ ይሄዳል፤ ወደ መቻል፣ ወደ ንግድ ባንክ፣ ወደ ማረሚያ። አሰላ ያለው የጥሩነሽ ዲባባ ማሠልጠኛ ማዕከልም ይቀበለዋል። ሽንፈት ሲመጣ ሯጩ በሌላ አሠልጣኝ እጅ ነው፤ ወቀሳው ከበቆጂ ርቆ አዲስ አበባ ላይ ያርፋል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በሩጫም ቢሆን ምሕረት የለም። በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ በሲድኒ ኦሎምፒክ በወልደመስቀል ኮስትሬ የተመራው ቡድን 8 ሜዳሊያ አመጣ፤ 4ቱ ወርቅ ነበሩ። ከእነዚህ 3ቱ የአርሲ ልጆች የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ የኢተያው ገዛኸኝ አበራና የበቆጂዋ ደራርቱ ያመጧቸው ናቸው። በ2008 በሪዮ የተገኘውም ሜዳሊያ 8 ነው። ወርቁ ግን የአልማዝ አያና 1 ብቻ ስለነበር አገሩ ቡድኑን እንደ ተሸናፊ ተቀበለው። አልማዝ በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ እንደነበር ያስታወሰ ጥቂት ነው። የሲድኒና የሪዮ ልዩነት ለተቆጣው ሰው ገሃድ ነው፤ ብርና ነሐሱን የሚቆጥርለት ሰው ቢኖር ኖሮ ግን ሪዮ ውርደት ባልተባለ ነበር።

ቁጣው ሥልጣን ቀየረ። ጥቅምት 2009 ኃይሌ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ ሯጭን የሚያውቅ ሯጭ ነው ተብሎ ተስፋው ጣሪያ ነካ። በ2011 ለቀቀ። ደራርቱ ተተካች። በቶኪዮ ሰለሞን ባረጋ ወርቅ አመጣ፤ 1። በፓሪስ ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ሆኖ ተይዞ በሲሳይ ለማ ምትክ ገባና ማራቶኑን በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ፤ አሁንም 1። ከሪዮ እስከ ፓሪስ መሪው ተለወጠ፣ የወርቁ ቁጥር ባለበት ቆየ።

ታኅሣሥ 2017 ፌዴሬሽኑ አዲስ ፕሬዚዳንት መረጠ፤ የጥሩነሽ ባለቤት ስለሺ ስህንን። ስለሺ በአቴናና በቤጂንግ ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ከቀነኒሳ ቀጥሎ ገብቶ ሁለት ጊዜ ብር ያመጣ ሰው ነው። ለሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ቡድኑን የሚመሩት አሠልጣኞች የሚመደቡት እሱ በሚመራው ቤት ነው፤ ውድድሩ ሐምሌ 2020 ዓ.ም. ነው፤ የሚጠብቀው ሕዝብ ደግሞ ወርቅ ብቻ የሚቆጥረው ያው የሪዮው ሕዝብ ነው።