ሰባሪውና ጥገና ከልካዩ

ደማምና ኾባር በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት ጎረቤታም የባሕር ዳር ከተሞች ናቸው። የዩኒቨርሲቲው የንጉሥ ፋህድ ሆስፒታል ኾባር ላይ፣ ለካንሰር ሕክምና የሚታወቀው የንጉሥ ፋህድ ስፔሻሊስት ሆስፒታል ደግሞ ደማም ላይ ነው። የጉሮሮ፣ የማንቁርት ወይም የምላስ ሥር ካንሰር ወደ አንገት ንፍፊቶች ከተዛመተ፣ እዚያም ሆነ በሌላው ዓለም ሐኪሞች ከሚመርጧቸው ሕክምናዎች ዋነኛው ኬሞና ጨረርን ባንድ ጊዜ መስጠት ነው።

ለምን ባንድ ጊዜ? ጨረር የካንሰሩን ሴል ዲኤንኤ ይሰብራል። ሴሉም ስብራቱን ለመጠገን ይሯሯጣል። ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ታዲያ ዲኤንኤው ላይ ተጣብቆ ጥገናውን ያሰናክላል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ይሰብራል፣ ሌላው መጠገኛውን ይዘጋል። ኬሞው ከጨረሩ ጋር ሲሰጥ፣ ከ100 ታካሚዎች 6 ወይም 7 የሚሆኑት ጨረር ብቻ ቢያገኙ የማይደርሱበትን 5ኛ ዓመት እንደሚያዩ የብዙ ጥናቶች ድምር ውጤት ያሳያል። ኬሞው ቀድሞ ብቻውን ሲሰጥ ግን ይህን ያህል ጥቅም አልታየም።

መድኃኒቱ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። አሜሪካዊው ባርኔት ሮዘንበርግ ኤሌክትሪክ በባክቴሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሲሞክር፣ ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል አቁመው እንደ ክር ረዘሙ። ጥፋተኛው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከሽቦው ጫፍ የሟሟ ፕላቲነም ነበር። ግኝቱ በ1965 ታተመ፤ መድኃኒቱም በ1978 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ።

ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ጥርስ ይመረመራል፤ ጨረር ያገኘው መንጋጋ ጥርስ ከተነቀለበት በኋላ ቶሎ አይድንምና። ቀጥሎ በሙቅ ውሃ የለሰለሰ ባለ ቀዳዳ ፕላስቲክ ፊት ላይ ይለጠጣል። በደቂቃዎች ውስጥ ደርቆ የታካሚውን መልክ ይይዛል። በየቀኑ ይህ ጭንብል ከአልጋው ጋር ይታሰራል፤ ጨረሩ የሚያነጣጥረው ሚሊሜትር ቆጥሮ ነውና አንገት መንቀሳቀስ የለበትም።

የተለመደው መጠን በ35 ጊዜ፣ በየጊዜው 2 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ)፣ በድምሩ 70 ግሬይ ነው። በሳምንት 5 ቀን ስለሚሰጥ 7 ሳምንት ይፈጃል። ሲስፕላቲን ወይ በ1ኛው፣ በ22ኛውና በ43ኛው ቀን፣ ወይ በየሳምንቱ በአነስተኛ መጠን ይሰጣል። ኩላሊት እንዳይጎዳ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ የጨው ውሃ (ሳላይን) በደም ሥር ይንጠለጠላል። የጆሮ ጩኸት የሚሰማው ታካሚ ዝም ማለት የለበትም፤ መድኃኒቱ መስማትን ሊጎዳ ይችላል።

የሚያስመርረው ከ3ኛው ሳምንት ወዲህ ያለው ጊዜ ነው። አፍ ይቆስላል፣ ምራቅ ይደርቃል፣ ምግብ ጣዕም ያጣል፤ አንዳንዱም በቱቦ ይመገባል። «ትንሽ ልረፍ» የሚል ሐሳብ የሚመጣው ያኔ ነው። ችግሩ በእረፍቱ ካንሰሩ አብሮ አለማረፉ ነው፤ የተረፉት ሴሎች ይራባሉ። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ጨረር ይሰጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ያልተቋረጡ 35 ቀናት ምን ያህል ውድ እንደሆኑ አይነገረውም።