ሲጋራ ለመተው የመጀመሪያውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ስለመምረጥ



«ሲጋራ ለመተው የትኛውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ እንግሊዝ አገር ካሉ ወንድሞች ይደርሰናል። በአገራችን ሽያጩ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስለተከለከለ መልሱ ለእነርሱ ነው፤ እዚያ ዘመድ ያላችሁ አድርሱልን።

ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲን ነው፤ ሳንባን በዋናነት የሚጎዳው ግን የሚቃጠለው ትምባሆ ጭስ ነው። መሣሪያው ኒኮቲኑን ያለ ቃጠሎ ይሰጣል። ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ አጭሶ የማያውቅ ሰው ሊነካው አይገባም። (የፍራፍሬ ጣዕሙ ስንቱን ልጅ ያታልላል!)

ለጀማሪ ቻርጅ የሚደረግና ፈሳሹ የሚሞላ ቀላል መሣሪያ ይበቃል፤ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ዓይነት እዚያ ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሸጡ ተከልክሏል። የኒኮቲኑ መጠን በሕግ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ብዙ ያጨስ የነበረ ሰው በጣም ዝቅተኛውን ከመረጠ አምሮቱ ስለማይቆርጥለት ወደ ሲጋራው ይመለሳል። በቂውን ይዞ ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ ይተው፤ ከዚያ መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንስ። ሁለቱን እያፈራረቁ መቀጠል መተው አይባልም።

በረመዳን ቀን መሳቡ ፆም ያፈርሳል። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ ግን በ1997 እ.ኤ.አ. ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት ፆም እንደማያፈርስ ወስኗል። ስለዚህ ፆመኛ ስለ ኒኮቲን ፕላስተር ወሩ ሳይገባ ፋርማሲውን ይጠይቅ።