«ጨጓራ ነው» እያልን የዘገየንበት ሕመም

እናቴ ለሁለት ዓመት ያህል «ጨጓራዬ ነው» ስትል ኖራለች። ተልባ ትጠጣለች፣ በርበሬ ትቀንሳለች፤ እኛም ከመድኃኒት ቤት እንክብል እየገዛን እንሰጣታለን። ስትከሳም «ጾሙ ነው» አልን። በኋላ በኢንዶስኮፒና በሲቲ ስካን ስትታይ፣ የጨጓራ ካንሰሩ ጉበቷ ላይ ደርሷል።

በዚያው ሰሞን ውጭ አገር የምትኖረው እህቴ ደወለች። «ቻይና አዲስ ሕክምና አለ። ቤቱን ሸጠን እንውሰዳት» አለችኝ። ሦስት ሌሊት ስለ ሕክምናው ሳነብ አደርሁ።

«ካር-ቲ» ይሉታል። ከታማሚው ደም ቲ-ሴል የተባሉት የመከላከያ ሴሎች ይወሰዳሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ ዘረመላቸው ተለውጦ ካንሰሩን እንዲለዩ ይደረጋል፤ ከተባዙ በኋላም በደም ሥር ይመለሱለታል። ለጨጓራ ካንሰር የተሠሩት ሴሎች የሚያድኑት «ክላውዲን 18.2» የተባለውን ፕሮቲን የተሸከመ ዕጢን ነው። ፕሮቲኑ የሌለበት ታማሚ አይጠቀምም።

የቻይናው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2025 «ላንሴት» መጽሔት ላይ ወጥቷል። የተሳተፉት 156 ታማሚዎች ከዚያ በፊት ቢያንስ ሁለት ዓይነት ሕክምና ሞክረው ያልሆነላቸው ናቸው። በሽታው ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ በአዲሱ ሕክምና 3.25 ወር፣ በተለመደው 1.77 ወር ሆነ። በሕይወት የቆዩበት ደግሞ 7.92 እና 5.49 ወር ነበር። ሴሎቹን የወሰዱት ሁሉም ማለት ይቻላል ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ በተለይ የደም ሴሎቻቸው ቀንሰዋል።

ለሳይንሱ ትልቅ እርምጃ ነው። ለእኛ ግን ፈውስ አልነበረም። እናቴ ደግሞ የመጀመሪያውን ሕክምና እንኳ አልጀመረችም ነበር።

ያነበብሁትን ሳልደብቅ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ቤቱን ተዉት ልጄ። ሕመሙን ብቻ አስታግሱልኝ፤ እህትሽም ትምጣ» አለች። እህቴ መጣች። የቤቱ መሸጫ ሊሆን የነበረው ጭቅጭቅ ቀርቶ፣ እናቴ በማስታገሻ ተደግፋ አምስት ወር አብራን ቡና ጠጣች። ያረፈችውም በገዛ አልጋዋ ላይ ነው።

ከቀብሩ በኋላ እኔም ተመረመርሁ። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ተገኘብኝ። ይህን ባክቴሪያ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የሚድነው ግን ሐኪም በሚያዝዘው የጥቂት ሳምንት መድኃኒት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ቤታችሁ ውስጥ «ጨጓራዬ» እያለ የሚከሳ፣ ምግብ መዋጥ የሚቸግረው፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው የጠቆረ ሰው ካለ፣ ተልባውን አስቀምጡና ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። እኛ ሁለት ዓመት ነበረን፤ አልተጠቀምንበትም።