ለሰፊ አዳራሽ የጥሩምባ ስፒከር አመራረጥ

ጥሩምባ ስፒከር ድምፅ አመንጪው ክፍል አፉ እየሰፋ በሚሄድ ቱቦ ጠባብ ጫፍ ላይ የተገጠመበት ድምፅ ማጉያ ነው። ተራ ስፒከር ከሚቀበለው ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ብዙውን ጊዜ 1 በመቶ ገደማ ሲሆን ቀሪው ጥቅልል ሽቦውን አሙቆ ይጠፋል። የሚርገበገበው ሽፋኑ ሲገፋው አየሩ በየአቅጣጫው ስለሚሸሽ ጉልበቱ በከንቱ ይባክናል። ጥሩምባው ግን አየሩን በጠባብ ጉሮሮ ይዞ ቀስ በቀስ ስለሚያሰፋው ሽፋኑ የሚደገፍበት ያገኛል፤ በደንብ ከተሠራም ከ10 በመቶ በላይ የሚሆነው ኃይል ድምፅ ሆኖ ይወጣል።

ዘዴው ከኤሌክትሪክ በፊትም ይታወቅ ነበር። መለከት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1899 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት የድምፅ መልእክት የተቀረጸበት ፎኖግራፍም ድምፅን የሚሰበስበው በጥሩምባ ነበር።

ይህ የጥሩምባ ብቃት ለምሳሌ በጎርጎራ ተግባራዊ ትርጉም አለው። ከገበታ ለአገር ሦስት የቱሪዝም ፕሮጀክቶች አንዱ በዚህ የጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ተሠርቷል፤ እንግዳ ሲበዛ ደግሞ ለሠርግ፣ ለስብሰባና ለሙዚቃ የሚሆን ሰፊ አዳራሽ ይፈለጋል። ለእንዲህ ያለ ቤት ሞንታርቦ (ትልቅ ስፒከር) የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው የተሳሳተ ነው። ዋት ስፒከሩ ሳይቃጠል የሚችለውን ጭነት እንጂ የሚሰጠውን ድምፅ አይናገርም። መጠየቅ ያለበት በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ነው።

ልዩነቱ በስሌት ይታያል። ከስፒከሩ 10 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው 90 ዴሲቤል እንዲሰማ ቢፈለግና የግድግዳው እገዛ ባይቆጠር፣ በዚህ መለኪያ 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ተራ ስፒከር 100 ዋት ይፈልጋል። 105 ዴሲቤል ለሚሰጥ ጥሩምባ ግን ከ3 ዋት ትንሽ የሚበልጥ ይበቃዋል። ከበሮው በድንገት ሲመታ 10 ዴሲቤል ይጨመር ከተባለ የመጀመሪያው 1,000 ዋት ሲጠይቅ ሁለተኛው 32 ዋት ገደማ ይበቃዋል። መብራት በሚቆራረጥበትና በጄኔሬተር ወይም በባትሪ በሚሠራበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው የጣና ዳር አየሩ ስስ በመሆኑ ብዙ የሚሞቅ አምፕሊፋየርም በቀላሉ አይቀዘቅዝም።

ከጉልበቱ የሚበልጠው ግን የድምፁ አቅጣጫ ነው። 20 በ15 ሜትር የሆነ፣ ጣሪያው 6 ሜትር ከፍ ያለ፣ ወለሉ ድንጋይ፣ መስኮቱ መስታወት የሆነ አዳራሽ እንውሰድ። ድምፁ ጸጥ እስኪል 2 ሰከንድ ከወሰደ፣ ድምፅን በየአቅጣጫው እኩል ከሚበትን ስፒከር 1.7 ሜትር ገደማ ርቆ የተቀመጠ ሰው ከቀጥታው ድምፅ እኩል የግድግዳውን ነጸብራቅ ይሰማል። ድምፁን አሥር እጥፍ አጥብቦ የሚያነጣጥር ጥሩምባ ይህን ድንበር ወደ 5.4 ሜትር ያርቀዋል። አማርኛ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማል፤ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ አጭር ፍንዳታ ያላቸው ድምፆች ስለሆኑ ነጸብራቅ ሲበዛ ቀድመው የሚዋጡት እነሱ ናቸው። ዘፋኙ ይሰማል፣ ግጥሙ ግን አይለይም። መጋረጃ፣ ምንጣፍና የሣር ክዳን ድምፅ ስለሚውጡ ከስፒከሩ ጋር አብረው መታሰብ አለባቸው። ክብ ቤት ደግሞ ድምፁን ወደ አንድ ቦታ ስለሚሰበስብ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ጥሩምባ የራሱ ዕዳ አለው፤ ትልቁም መጠኑ ነው። ወፍራም ድምፅ ረጅም ሞገድ ስለሆነ ሰፊ አፍ ይሻል። ከ100 ኸርዝ ጀምሮ በደንብ እንዲሠራ የአፉ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 1.1 ሜትር ያህል መሆን አለበት፤ ከ50 ኸርዝ እንዲጀምር ሲፈለግ ስፋቱ እጥፍ ይሆናል። አሜሪካዊው ፖል ክሊፕሽ በ1946 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ክሊፕሽሆርን ቱቦውን አጣጥፎ የቤቱን ማዕዘን እንደ ጥሩምባው ተቀጥላ በመጠቀም ይህን አቃለለው። ለብዙ አዳራሽ የሚሻለው ግን ለመካከለኛና ቀጭን ድምፅ ጥሩምባ፣ ለቤዝ ትልልቅ ተራ ስፒከሮች ያሉት ቅንጅት ነው። በሰማኒያ ካሬ ሜትር ክፍል ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። የጥሩምባና የቤዝ ድምፆች ተዋህደው እንዲሰሙ አድማጩ ጥቂት ሜትሮች መራቅ አለበት፤ ሰፊ ክፍል የሚመቸውም ለዚህ ነው።

በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ጣሪያ ላይ የሚታየው የብረት ጥሩምባ ለንግግርና ለጥሪ የተሠራ ነው። ቤዝም ጥራትም ስለሌለው አዳራሽ ውስጥ ለሙዚቃ ማስገባት ስህተት ነው።

ከመግዛት በፊት በሚታወቅ ቀረጻ መሞከር ይገባል፤ መሰንቆና የሴት ድምፅ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። መሰንቆው ከአፍንጫ የሚወጣ የሚመስል፣ ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ጥሩምባው ጥሩ አይደለም። ከፊት ለፊት ተነስተው ወደ ጎን እየተራመዱ ሲያዳምጡ ድምፁ በድንገት ከተለወጠ የሚሸፍነው ማዕዘን ለአዳራሹ አይበቃም። ሙዚቃው ቆሞ «ሽ» ወይም «እዝ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከአምፕሊፋየሩ ነው፤ ጥሩምባ ትንሹንም ጉድለት ስለሚያጎላ ንጹሕ አምፕሊፋየር ይፈልጋል። ሻጩ የዴሲቤሉንና የማዕዘኑን ቁጥር ማሳየት ካልቻለ ገንዘብ ሳይከፍሉ ሌላ ሱቅ መሄድ ይሻላል።