የአንዲት ግብ ፍለጋ

ነሐሴ ሲገባ ባሮ ይሞላል። ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የወረደው ውኃ አፈር ቀላቅሎ ዳርና ዳሩን ይነካል። በድሮው ዘመን ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ መድረስ የሚችሉት በእነዚህ የክረምት ወራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል ዳግማዊ ምኒልክ ለእንግሊዝ የሱዳን አስተዳደር በባሮ ዳር የንግድ ቦታ ፈቀዱ፤ እንግሊዞቹም ቡና እየጫኑ፣ ጨውና ጨርቅ እያራገፉ እስከ እ.ኤ.አ. 1956 ቆዩ። በረገጧቸው ብዙ አገሮች ክሪኬትን እየተከሉ የሄዱት እነዚያ ሰዎች ከጋምቤላ ሲወጡ ጨዋታቸው በወንዙ ዳር ሥር ሳይሰድ ቀረ። ሥር የሰደደው እግር ኳስ ሆነ። ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፈው፣ ሩሲያ ድረስ ሄዶ የተጫወተው አማካይ ጋቶች ፓኖም የተወለደው በዚችው ከተማ ነው።

ባሮ በሞላባቸው አራት ተከታታይ ክረምቶች ደግሞ አንድ የኢትዮጵያ የሴቶች ቡድን አንድ ነገር ፈለገ። ሦስት ጊዜ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ እንደሚያቋቁም ባስታወቀ ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ የአህጉሩ የሴት ክለቦች የሚገናኙበት መድረክ አልነበራቸውም። ብሔራዊ ቡድኖች ይጫወቱ ነበር፤ የኢትዮጵያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ሉሲዎቹ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ተጉዘው አራተኛ ወጥተዋል። ክለቦች ግን በየአገራቸው አጥር ውስጥ ነገሡ፣ በየአገራቸው አጥር ውስጥ ተረሱ። አሁን በር ተከፈተ፤ በሩ ግን እጅግ ጠባብ ነበር። ወደ መጨረሻው ውድድር የሚገቡት ስምንት ክለቦች ብቻ ሲሆኑ፣ ከምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዞን፣ ከሴካፋ፣ የሚያልፈው የማጣሪያው አሸናፊ ነው። ሁለተኛ የወጣ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ኢትዮጵያን ማን ይወክላት? በአገር ቤት ዙፋኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ኖሯል። ለዓመታት ደደቢት ገዛ። የደደቢት ዘመን ሲያበቃ በ2011 ዓ.ም. አዳማ ከተማ ዋንጫውን አነሣ። በሁለቱም ቡድኖች ውስጥ አንዲት የዱራሜ ልጅ ነበረች፤ ሎዛ አበራ። ከከምባታ ወጥታ በሐዋሳ ያለፈችው ይህች አጥቂ ማሊያ በቀየረች ቁጥር ግቡ አብሯት ይዞር ነበር። ስዊድንንም አየች፤ ማልታ ሄዳ በቢርኪርካራ ማሊያ የሊጉን ዋንጫ አነሣች። ከዚያ ወደ አገሯ ተመለሰችና ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ፈረመች። በአሰልጣኝ ብርሃኑ ግዛው የሚመራው ንግድ ባንክም በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። እንቆቅልሹም ያኔ ጀመረ።

የመጀመሪያው ማጣሪያ ናይሮቢ ላይ ተደረገ። ንግድ ባንክ እንደ ክረምት ጎርፍ ገባ። የተጋጣሚዎቹን መረብ እየደጋገመ አናወጠ፤ ሎዛ የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነች። ጳጉሜን ላይ፣ አዲስ ዓመት በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ቡድኑ ለፍጻሜ ቀረበ። የሚጠብቀው ቪሂጋ ኩዊንስ ነበር፤ የኬንያ ተወካይ፣ በገዛ አገሩ፣ በገዛ ደጋፊው ፊት። ያን ሁሉ ግብ ያዘነበ ቡድን በዚያ ቀን ያስቆጠረው አንድ ብቻ ሆነ። ቪሂጋ ሁለት አገባ።

ቪሂጋ ወደ መጨረሻው ውድድር፣ ወደ ካይሮ በረረ። ንግድ ባንክ የ2014ን እንቁጣጣሽ በአገሩ ዋለ።

በአንድ ግብ መሸነፍ ዕድል ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። ቡድኑ አገር ቤት ተመልሶ ሊጉን እንደገና አሸነፈ፤ በነሐሴ 2014 ደግሞ ወደ ታንዛኒያ ተጓዘ። ስለዚያ ጉዞ ብዙ የሚባል የለም። ለፍጻሜ የተገናኙት የታንዛኒያው ሲምባ ኩዊንስና የኡጋንዳው ሺ ኮርፖሬት ነበሩ፤ ሲምባ አለፈ። የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ፍጻሜውን ከዳር ሆኖ አየ። አምና አንድ እርምጃ የቀረው ቡድን ዘንድሮ ሁለት እርምጃ ራቀ ማለት ነው፤ አሁን ዕድል ነው ብሎ ማለፍ አልተቻለም።

ሦስተኛው ሙከራ ኡጋንዳ ላይ ንጄሩ ሆነ። ንጄሩ ከጂንጃ ከተማ ፊት ለፊት፣ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት ዳር ያለች ቦታ ናት። ከዚያ የሚነሣው ውኃ ኡጋንዳን አቋርጦ፣ የደቡብ ሱዳንን ረግረግ አልፎ፣ ማላካል አጠገብ የሶባትን ወንዝ ይቀበላል፤ ሶባት ደግሞ ከፒቦር ጋር የተገናኘው ባሮ ነው። የጋምቤላና የንጄሩ ውኃ መጨረሻው አንድ ነው። በነሐሴ 2015 ንግድ ባንክ በዚያ ወንዝ ራስጌ እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው የታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ ነበር።

እዚህ የሆነው ከናይሮቢው ይብሳል። ጨዋታው አሸናፊ አጣ። ነገሩ ወደ መለያ ምት ሄደ። የመለያ ምት የቡድን ጨዋታ የሚያበቃበት ቦታ ነው፤ አንዲት ተጫዋች ከመሀል ሜዳ ብቻዋን ትነሣለች፣ ኳሷን ነጥቡ ላይ ታስቀምጣለች፣ ጓደኞቿ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከሩቅ ያያሉ። የዓመት ድካም በዚያች አጭር መንገድ ላይ ይመዘናል። የመጨረሻው ምት ሲቆጠር ደስታው የጄኬቲ ሆነ።

ሦስት ክረምት፣ ሦስት አገር፣ ሦስት ውድቀት። በአገሩ የሚያቆመው የጠፋ ቡድን ድንበር ሲሻገር ምን ይይዘዋል? አቅም አንሶት እንዳይባል ከሦስቱ ሁለቱን ጊዜ ለፍጻሜ ደርሷል። አጥቂ ጎድሎት እንዳይባል ናይሮቢ ላይ ከሎዛ በላይ ያገባ አልነበረም። ውጤቶቹን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግን አንድ ነገር ያያል። ንግድ ባንክ በሰፊው ማሸነፍን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ያላወቀው በጠባቡ ማሸነፍን ነው። የአገር ውስጡ የበላይነት ብዙ ግብ ማግባትን አስተማረው። ፍጻሜ ላይ የሚቆመው ተጋጣሚ ግን እንደዚያ አይከፈትም፤ የሚሰጠው አንድ ዕድል ነው፣ ምናልባትም በመቶኛው ደቂቃ፣ እግር ሲዝል፣ ትንፋሽ ሲያጥር። ያችን አንዲት ዕድል እስክትመጣ መጠበቅ፣ ስትመጣ መያዝ፣ ከያዙ በኋላም አለመልቀቅ። የጎደለው ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቡድኑ ይህንን ሊማር ይችል ይሆን? በ2016 ክረምት መልሱን የሚያከብዱና የሚያቀሉ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ተከሰቱ።

የመጀመሪያው እድል ነበር። አራተኛው ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ እንዲደረግ ተወሰነ። የኢትዮጵያ ስታዲየሞች የኮንፌዴሬሽኑን መለኪያ ማሟላት አቅቷቸው የወንዶቹ ብሔራዊ ቡድን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ በቆየበት ዘመን፣ የአበበ ቢቂላ ስታዲየም ለሴቶቹ ተከፈተ። ለሦስት ክረምት በሰው ሜዳ የሰው ደጋፊ ጩኸት ሲሰማ የኖረ ቡድን አሁን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት የራሱ ከተማ ሊጫወት ነው።

ሁለተኛው ልብ የሚያሰጋ ነበር። ሎዛ አበራ አልነበረችም። በዚያው ክረምት ወደ አሜሪካ ተሻግራ፣ በኢትዮጵያውያን ብዛት በምትታወቀው ዋሽንግተን ለዲሲ ፓወር ፈርማለች። በእርሷ እግር ያልተከፈተ በር ያለ እርሷ እንዴት ይከፈታል?

በነሐሴ ከየአገሩ ሻምፒዮኖቹ መጡ፤ ሲምባ ኩዊንስም ነበር፤ ከጋምቤላ ድንበር ማዶ ደግሞ የደቡብ ሱዳኑ የኢ ጆይንት ስታርስ። ንግድ ባንክ አንድ በአንድ እያለፈ ለፍጻሜ ደረሰ። ከወዲያኛው ወገን የቀረው ቡድን ሲታወቅ የናይሮቢው ጳጉሜን ተመልሶ የመጣ መሰለ። የኬንያ ሻምፒዮን ነበር፤ ኬንያ ፖሊስ ቡሌትስ። ከፍታውም ብዙ የሚያስጨንቀው አልነበረም፤ የመጣው ከራሱ ደጋ ነው።

ነሐሴ 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ሁለቱ ቡድኖች አበበ ቢቂላ ሜዳ ላይ ገቡ። እንቁጣጣሽ በሳምንቱ ነበር። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ግብ አለቀ። ሁለተኛውም። ዘጠና ደቂቃ ሞልቶ ሰሌዳው ዜሮ ለዜሮ ሲል የንጄሩን ፍጻሜ ያልረሳ ኢትዮጵያዊ ተመልካች የመለያ ምቱን ነጥብ በዓይኑ መፈለግ ጀመረ። ጭማሪ ሰዓት ተጀመረ። ይህ ቡድን ሦስት ዓመት ሙሉ የጠፋበት ቦታ ይህ ነበር፤ ግብ የማይዘንብበት፣ ጊዜ የሚያልቅበት ጠባብ መተላለፊያ።

በዚያ ጭማሪ ሰዓት አንዲት ኳስ የኬንያውን መረብ ነካች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለተከላካዮቹ የተሰጠ ነበር። ሰዓቱ አልቆ ፊሽካው ሲነፋ ሰሌዳው አንድ ለዜሮ አለ። በሰፊው ማሸነፍ የለመደው ክለብ ትልቁን ዋንጫውን ያገኘው ከሁሉ በምታንሰው ውጤት ነው። በዚያው ዓመት የክለቡ የወንዶች ቡድንም የአገሪቱ ሻምፒዮን ነበር፤ የአህጉሩ የክለቦች የመጨረሻ ውድድር ላይ የደረሱት ግን ሴቶቹ ናቸው። ከዚያ በፊት በሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ የስምንቱ ስም ውስጥ የኢትዮጵያ ክለብ ገብቶ አያውቅም ነበር።

በኅዳር 2017 ንግድ ባንክ ሞሮኮ ገባ። የደረሰው ምድብ ምሕረት የለውም፤ የዚያን ውድድር የመጀመሪያ ዋንጫ ያነሣው የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ የናይጄሪያው ኤዶ ኩዊንስ፣ የግብፁ ማሳር። ከምድቡ ማለፍ አልቻለም። ዋንጫውን የኮንጎው ቲፒ ማዜምቤ ወሰደ። ኢትዮጵያውያኑ ሴቶች ከሞሮኮ ሲመለሱ የአገር ቤቱ ሊግ ይጠብቃቸው ነበር፤ ወደዚያ ጠባብ በር የሚወስደው መንገድም እንደገና የሚጀምረው ከእርሱ ነው።